እፍኝ ገለባና አንድ ሮተር

ይኸነው ያን ሰሞን የበላው ሁሉ ደረቱ ላይ ሲቆምበት በሽታ መስሎት ጤና ጣቢያ ሊሄድ ነበር። ምን በሽታ! ሜላት ናት እንጂ በሽታው።

ነገሩ የጀመረው በኦራሉ ነው። እንጅባራ ከሚማሩበት የሙያ ማሠልጠኛ ጓሮ፣ ሳማ ውጦት፣ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የቆመ አንድ የጦር ሠራዊት ኦራል የጭነት መኪና ነበረ። ጎማው አፈር ገብቷል፤ ጋቢናው ውስጥ ዶሮ ትታቀፍበታለች። የአውቶ መካኒክ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራችሁ ምን ይሁን ሲባሉ፣ «ያን ሽማግሌ እናስነሳው!» ያለ ይኸነው ነው። ሁሉም ሳቀበት። ሳማውን እጁ እስኪያብጥ የመነጠረ እሱ፣ የዛገውን ቡሎን በናፍጣ እያራሰ አንድ በአንድ የፈታ እሱ። መምህሩ ጋሽ ቢሻውም፣ «ይህ ኦራል ከተነሣ ጥር ሃያ ሦስት፣ በፈረሰኞች በዓል፣ ከፈረሱ ሁሉ ፊት ይሄዳል» ሲሉ፣ መሪውን ማን እንደሚይዝ ይኸነው መጠየቅም አላስፈለገውም።

አባቱ አቶ አየነው በዘንገና በኩል የታወቁ ፈረሰኛ ናቸው። የልጃቸውን ሙያ ግን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። «ፈረስ ስትጠራው ይመጣል፤ ይህ ብረትህ ስትጠራው ምን ይልሃል?» ይሉታል። ይኸነው መልሱን ለጥር ሃያ ሦስት አቆይቶት ነበር። መሪውን ጨብጦ፣ ክላክሱን እየነፋ፣ በአባቱ ፊት ሊያልፍ!

ታኅሣሥ ሲገባ ሜላት ከዳንግላ ተዛውራ መጣች። የጋራዥ ልጅ ናት፤ የአባቷን አሮጌ መለዋወጫ ያጨቀችበት የቆርቆሮ ሣጥን ይዛ ነው የመጣችው። በሳምንቷ ካርቡራተሩን ፈትታ ገጠመችው። በሁለተኛው ሳምንት፣ ይኸነውን ወር ሙሉ ያስለቀሰውን ፍሬን አየሩን አስተንፍሳ ቁጭ። ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ማለት ይኸው ነው። ደግሞ ክፋት የላትም፤ እሱን የበለጠ የሚያንገበግበው ይህ ነው። ብትኮራ በደንብ ይጠላት ነበር። «ይኸነው፣ እስቲ ና እየው፤ አንተ ታውቀዋለህ» ትለዋለች፤ እሱ የምታላግጥበት ይመስለዋል።

በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ቢሻው ቁርጡን ተናገሩ። «መሪውን ሜላት ትይዛለች። ይኸነው ከኋላ ተሳፍሮ፣ ሞተሩ ካስቸገረ ያያል።»

«እሺ» አለ ይኸነው።

ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ኮፈኑን ከፈተ። የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አነሳና ሮተሯን መዘዛት። ሮተር ማለት ለየካንዴላው እሳት የምታድል፣ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ቁራጭ ናት፤ እሷ ከሌለች ያ ሁሉ ብረት ሬሳ ነው። ኪሱ ከተታት። «አስነሺው እስቲ፣ የጋራዥ ልጅ!» አለ ለብቻው። ክዳኑን እንደ ልማዱ በጨርቅ ወልውሎ ዘጋው።

ከሰዓት ሜላት ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ እሳት የለም። ይኸነው ከኋላ ቆሞ በልቡ ጮቤ ረገጠ። ጋሽ ቢሻው ክዳኑን አንስተው ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህ ብልሽት አይደለም» አሉ። «ይህ የሰው እጅ ነው።»

ጉድ ፈላ። የማሠልጠኛው ዲን ከሰማ ፖሊስ ይጠራል፣ ተማሪ ይባረራል፣ ኦራሉም በዓሉን አያይም። ጋሽ ቢሻው ራሳቸውን ሲያኩ ቆዩና ያደጉበት ገጠር ትዝ አላቸው። «በእኛ አገር ዕቃ ሲጠፋ ሽማግሌ ሌባ አያሳድድም፤ መመለሻ መንገድ ይሰጠዋል» አሉ። እንቅብ አስመጥተው ከኦራሉ ጀርባ አስቀመጡት። «እያንዳንዳችሁ እፍኝ ገለባ ይዛችሁ አንድ በአንድ ሂዱና ጨምሩ። የወሰደ ሰው ከገለባው ጋር ይመልሳት። ከተገኘች፣ በመድኃኔ ዓለም፣ ማን ነህ አልልም። ካልተገኘች ግን ነገ ጠዋት ዲኑ ዘንድ ነን።»

የይኸነው ተራ ደረሰ። እንቅቡ ፊት ተንበረከከ። በአንድ እጁ ገለባውን፣ በሌላው ኪሱ ውስጥ ሮተሯን ጨብጧል። መልሳትና ተገላገል፣ አለው ልቡ፤ ማን ያይሃል? ከዚያ ሜላት መሪውን ጨብጣ፣ ሕዝቡ እልል ሲልላት፣ አባቱም ከፈረሳቸው ላይ ሆነው «ይህች የማን ልጅ ናት?» ሲሉ ታየው። እጁ እንቢ አለ። ገለባውን ብቻ በትኖ ተመለሰ። ከሁሉም ኋላ የሄደችው ሜላት ነበረች።

ጋሽ ቢሻው እንቅቡን ሸራ ላይ ገለበጡት። ከገለባው መሃል ሮተር ዱብ አለች።

ይኸነው ኪሱን ዳበሰ። የእሱዋ አለች! ጋሽ ቢሻው የተገኘችውን አገላብጠው አዩዋት፤ ሜላትን አየት፣ ይኸነውን አየት አደረጉና፣ «ተገኘች፤ ነገሩ አለቀ» አሉ። ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ እያጓራ ተነሣ።

ሁሉም ሲጨፍር ሜላት አጠገቡ መጣች። «የእኔዋ አሮጌ ናት፤ ከአባቴ ሣጥን ያወጣኋት» አለችው ቀስ ብላ። «ብዙ አትሄድም። ያችን ለመጠባበቂያ ያዝልኝ።»

«የምን ያችን?»

«ተው እንጂ ይኸነው። ሰርቆ ሲያበቃ ክዳን የሚወለውል ሌባ ካንተ በቀር ማን አለ?»

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ማሸነፏ አንሶ ደግነት ጨመረችበት! በዚያ ሳምንት ሮተሯን ወንዝ ሊወረውራት ሦስት ጊዜ አወጣት፤ ሦስቱንም ጊዜ መልሶ ኪሱ ከተታት።

ጥር ሃያ ሦስት ሜዳው በፈረስ ተጥለቀለቀ። ኦራሉ አዲስ ቀለሙን ተቀብቶ ከፊት ወጣ፤ መሪው ላይ ሜላት፣ ከኋላ ይኸነውና ተማሪዎቹ። መሃል ሜዳ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቀጥ አለ።

ሕዝቡ ሳቀ። የይኸነው ልብ ምን አለ? «እሰይ!» አለ። እውነቱ ይህ ነው፤ ምን ይደበቃል። ሜላት ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች፤ የአባቷ ሮተር ለሁለት ተሰንጥቃለች። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። ቀና ብላ ይኸነውን አየችው። ስጠኝ አላለችም።

ያኔ አቶ አየነው ፈረሳቸውን አስጠጉ። «አላልኩም? ጠርተነው ዝም አለ'ኮ! ወደ ሳማው መልሱት!» ብለው ከት ብለው ሳቁ፤ ፈረሰኛው ሁሉ ተቀበላቸው። የሳቁት በኦራሉ ነው፤ ይኸነው እጁን አሳብጦ ከሳማ ባወጣው ኦራል። ዝም ቢል ሜላት ትዋረዳለች። ዝም ቢል ግን ኦራሉም ከእሷ ጋር ይዋረዳል።

ከኦራሉ ዘሎ ወረደና ሮተሯን ከኪሱ አወጣ። «እንኪ» አላት።

«እንዴ፣ ይህችስ ከየት መጣች?» አለ የክፍሉ ለፍላፊ አዝመራው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ከኪሴ። የጠፋችው እሷ ናት። የሰረቅኋት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ቢሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እኔ ማን ነህ አልልም ብዬ ምያለሁ፤ አልሰማሁም» አሉ። አባቱ ግን ሰምተዋል።

ሞተሩ ተነሣ። ሜላት ወደ መሪው ወጣች፤ ተማሪዎቹ ተንጠላጠሉ፤ ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። ይኸነው ብቻ ሜዳው መሃል ቀረ።

«ልጄ ሰረቀ?» አሉ አቶ አየነው ከፈረሳቸው ላይ ሆነው።

«አዎ፣ አባባ።»

«ለምን?»

«መሪውን እኔ ልይዝ ነበር። እርስዎ እንዲያዩኝ።»

አቶ አየነው በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ከዚያ የሚርቀውን ኦራል በአለንጋቸው አመለከቱ። «ልጅቱ ጎበዝ ናት?»

ይኸነው የሜላትን ክንድ በመስኮቱ አየና ያው የቅናት እሳት እንደገና ተነሣበት።

«ከእኔ ትበልጣለች» አለ።

አባቱ ግራ እግራቸውን ከእርካቡ አውጥተው ቦታ ለቀቁለት። «በል ውጣ» አሉት፤ «ሳይርቁን እንድረስባቸው።»