በሁዳዴ የታለፈችው ክኒን

ደስታነሽ በጅጋ አካባቢ ሙሉ እንስራ አዝላ ዳገት በመውጣት የሚስተካከላት አልነበረም። ከደከማት ግን ሁለት ክረምት ሆናት፤ ምንጭ ለመድረስ እንኳ ሦስት ጊዜ ትቀመጣለች። ከመደብ ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል። የመዳፏ መስመር ሳይቀር ጠቁሯል፤ ለከብት የተቀመጠውን ጨው እየደበቀች ትልሳለች። ጎረቤት "ቡዳ ነው" አለ። አማቷ እመት እታለም ግን "ልግመት ነው" ባይ ናቸው። እሷም አንዳንዴ "እውነትም ሰንፌ ይሆን?" እያለች ትብሰከሰካለች።

ባሏ ዳኘው በበቅሎ ጅጋ አወጣት፤ ከዚያ በጭነት መኪና ደብረ ማርቆስ ወሰዳት። ፈረንጁ ሐኪም መዳፏን አገላብጦ አየና በአስተርጓሚ ነገራት።

"ከኩላሊትሽ በላይ ሁለት እጢዎች አሉ። ጉልበትሽን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፤ ደክመዋል። ይህችን ክኒን በየጠዋቱ እህል ቀምሰሽ ዋጪ። ጨውም አይቅርብሽ። አንድ ቀን እንዳታቋርጪ፤ ለሕይወትሽ ያሰጋል።"

ለዳኘውም ብትወድቅ የምትወጋውን መርፌ የሚናገር ወረቀት ሰጠው።

በወሩ ምንጭ ወርዳ ሳትቀመጥ ተመለሰች። ወዲያው ሁዳዴ ገባ።

የመጀመሪያውን ቀን ከጎተራው ጀርባ ቆማ ቆሎ ቆረጠመች።

"በአቢይ ጦም በጠዋት የሚያላምጥ ማነው?" አሉ እመት እታለም ከውስጥ።

ደስታነሽ ክኒኗን ሳትውጥ ወደ ብልቃጡ መለሰቻት። በማግስቱም አልዋጠችም። "ካልዋጥሁ እሞት፣ ከዋጥሁ እኮነን" እያለች ዋለች። በሦስተኛው ቀን አስመለሳት፤ ወፍጮው ላይ ተደፋች።

ዳኘው ብልቃጡን ከፍቶ ሲቆጥር መዋጥ ከነበረባት ሦስት ክኒን ተርፏል። ጎረቤት ጠርቶ በቃሬዛ ፍኖተ ሰላም አደረሳት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ወረቀቱን አንብቦ መርፌውን ወጋት፤ ጨው ያለበት ውሃ ሰቅሎ በክንዷ ደም ሥር ሰደደላት። ዓይኗን የገለጠችው ሲመሽ ነው።

ቤቷ እንደገባች የንስሐ አባቷ አባ ገብረ ሕይወት መጡ።

"እኔን ሳትጠይቂ ማን አስጦመሽ?" አሏት።

"ኃጢአት ፈርቼ ነው፣ አባቴ።"

"ለድውይ ጦም አልታዘዘም። እንግዲህ ንስሐሽ ይኸ ነው፦ በየጠዋቱ እህል ቀምሰሽ ክኒንሽን መዋጥ። ያቋረጥሽ ዕለት ጠበኛሽ እኔ ነኝ።"

እመት እታለም ምሰሶውን ተደግፈው ሰሙ። በማግስቱ ጨው የበዛበት ቅንጬ አቀረቡላትና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

"ብይ። እኔ አላየሁም።"

እንደ ድሮዋ ግን አልሆነችም። ጠዋት ትሠራለች፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጋደም ትላለች። ሰኔ ሲገባ ብልቃጡን እየነቀነቀች ታዳምጥ ጀመር። ወንዙ ከሞላ መንገድ የለም። ዳኘው ክኒን ሊያመጣ ከሄደ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ዝናቡም ሌሊቱን አላባራም።

ከሰዓት በኋላ ጭቃ እስከ ጉልበቱ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

"አገኘህ?"

"እስከ መስቀል የሚያደርስ" አላት።

ብልቃጡን ተቀብላ መደቡ ላይ ቁጭ አለችና ነቀነቀችው።