ከወንዝ ዓሣ ብቻ

በዚያ የወንዝ ዳር መንደር ማዳበሪያ የሚመረመረው በአፍንጫ ነበር። ከከተማ የመጣ፣ ቅጠል የተሳለበት ያማረ ጠርሙስ ከፍተው ያሸቱና ካልገማ፣ "ይሄማ ሽቶ ነው፤ ለሚስትህ ውሰድላት" ብለው ነጋዴውን ይመልሱታል። የራሳቸው መንደርተኛ የሮስ ጠርሙስ ሲከፈት ግን ውሻ ሳይቀር ግቢ ጥሎ ይወጣል። ስለዚህ ሮስን ማንም ጠይቆት አያውቅም። እንዲህ የሚገማ ነገር ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል?

ሮስ ማዳበሪያውን የሚሠራው ካርፕ ከሚባል ዓሣ ነበር። ካርፕ ወንዙን ያደፈረሰ፣ ያገሩን ዓሣ የፈጀ መጤ ነውና አንዴ ያጠመዱትን በሕይወቱ ወደ ውኃው መመለስ ክልክል ነው። በዓመት አንድ ቀን መንደርተኛው ልጅ አዋቂ ሳይል መንጠቆ ይዞ ይወጣል። የተያዘው ሁሉ ሮስ ግቢ ይራገፋል፤ እሱም ይፈጨውና በበርሜል ከቶ ያብላላዋል። "ኦርጋኒክ፤ ከወንዝ ዓሣ ብቻ" የሚለውን የጠርሙሱን ጽሑፍ ያወጣችው ሚስቱ ኮሊን ናት። ባለፈው በጋ ሮስ ልቡ ቆሞ ድንገት ሲሞትባት፣ የተረፉትን ጠርሙሶች እንዳሉ ለጎረቤታቸው ለቫሲሊስ ሰጠችው። ቫሲሊስ አባቱ ከግሪክ መጥቶ የተከለውን ብርቱካን የሚያለማ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከሮስ ጋር በአንድ ጀልባ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው። ለሮስ ወዳጅ የሮስን የእጅ ሥራ መስጠት የሚገባ ነገር መስሎ ታያት።

ጣጣው የመጣው ከዚያው ስጦታ ነው። በክረምቱ መሀል ብርቱካኑን "ኦርጋኒክ" ብላ የምታጸድቀው ተቆጣጣሪ መጥታ ከመርጫው ጋን ናሙና ወሰደች፤ ዩሪያ ተገኘበት። ከፋብሪካ የሚወጣው፣ ለኦርጋኒክ እርሻ ክልክል የሆነው ነጩ ዩሪያ! ቫሲሊስን ከየት እንዳመጣው ጠየቁት። ዝም አለ። ደጋግመው ጠየቁት፤ አሁንም ዝም።

ኮሊን ወሬውን የሰማችው ሥጋ ቤት ተሰልፋ ሳለች ነው። ከፊቷ የቆሙት ሁለት ሰዎች ይሳሳቁ ነበር።

"ቅዱስ ቫሲሊስ ጉዱ ፈላ! ዶሮ ኩስ ስረጭ 'ንጹሕ ነው ወይ?' እያለ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲቆጣጠረኝ የነበረው ሰውዬ እኮ ነው።"

"ሌሊት ዩሪያ፣ ቀን ስብከት በለኛ።"

ሥጋውን ሳትገዛ ወጣች። በቀጥታ ወደ ብርቱካኑ እርሻ ነድታ ቫሲሊስን መጋዘኑ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘችው።

"የሮስ ጠርሙስ ነው አትላቸውም እንዴ?"

"ተይው ኮሊ።"

"ምኑን ነው የምተወው? ሌባ እያሉህ እኮ ነው! የሮስ መሆኑን ንገራቸውና ደግመው ይመርምሩት። የተሳሳቱት እነሱ ናቸው።"

"ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ።" ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። "አንቺም ዝም በይ፤ እባክሽ።"

"እንደ ታሰረ በሬ ከምታፈጥ አፍህን ክፈት!" ብላው ተመለሰች። ንዴቷ ግን መንገድ ላይ እየቀዘቀዘ መጣ። ሰውየው "ሮስ አያደርገውም" አላለም።

ባልዋ ሲያብላላ ወደሚውልበት የጓሮ ቤት ከሞተ ወዲህ አልገባችም። በሕይወት ሳለም ቢሆን አያስገባትም ነበር። "ሽታው ያሳምምሻል የኔ ቆንጆ፤ ግቢና ሻይ አፍዪ" ይላታል። ይህን ለሴቶች ስታወራ እንዴት ትኮራበት ነበር! "የናንተ ባሎች የቆሸሸ ካልሲያቸውን ያሸክሟችኋል፤ የኔው ሽታ እንኳ እንዲነካኝ አይፈልግም።" አሁን በሩን ገፍታ ገባች። ከበርሜሎቹ ኋላ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ባዶ የዩሪያ ከረጢቶች በሥርዓት ተጣጥፈው ተደርድረዋል። ሮስ የፈለገውን ቢያደርግ ዕቃ አያዝረከርክም።

መሬቱ ላይ ተቀመጠች። የካርፕ ቀን ከዓመት ዓመት እየሳሳ መሄዱን ታውቃለች፤ መጨረሻ ላይ የመጣው ዓሣ አንድ በርሜል እንኳ በቅጡ አልሞላም። የጠርሙሱ ፈላጊ ግን ይበዛ ነበር፤ ሮስ ደግሞ "የለኝም" ማለት የማይችል ሰው ነው። ፈሳሹም ያኔ ነው ዓይን ማቃጠል የጀመረው። እሷ ሞኟ "ዘንድሮ ኃይለኛ ሆኖልሃል!" ብላ አሞግሳዋለች። እሱም ስቆ ሳማት። ይህ ትዝ ሲላት አለቀሰች። ለሞቱ ካለቀሰችው ልቅሶ ይልቅ ይህኛው መረራት፤ ያኛውን ለቅሶኛ አግዟት ነበር።

ብትናገር ባልዋን ልታዋርድ ነው። ዘንድሮ የካርፕ ቀኑ በሮስ ስም እንዲጠራ መንደርተኛው ወስኗል። ዝም ብትል ደግሞ በቁሙ ያለው ሰው ሊጠፋ ነው። አውቆ ያጭበረበረ ገበሬ ከኦርጋኒክ መዝገብ ለዘለዓለም ይሰረዛል፤ የተታለለ ግን የተረጨው ማሳ ብቻ ለጥቂት ዓመታት ታግዶበት ሌላው ይተርፍለታል። ስታወጣና ስታወርድ ከረመች። በመጨረሻ፣ የሞተው ከዚህ በላይ አይሞትም ብላ ቆረጠች። ለተቆጣጣሪዋ ደወለች፤ ቫሲሊስንም ጠራችው።

ተቆጣጣሪዋ ታምሲን የምትባል፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ወጣት ናት። ሦስቱ የኮሊንን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ከበቡ። ኮሊን ከረጢቶቹን አምጥታ መሀል ላይ አኖረቻቸው።

"ባሌ ነው የጨመረው" አለች። "እኔም አላወቅሁም፤ ይሄም ሰው አላወቀም። ጠርሙሱን በነፃ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዝም ያለው ከምርመራው በኋላ ነገሩ ገብቶት፣ የጓደኛውን ገመና ላለማውጣት ነው።"

ታምሲን ከረጢቶቹን አየች፤ ሴትዮዋንም አየች። "ይህን መናገር ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ አቶ ቫሲሊስ ተታለዋል ማለት ነው፤ እርሻው አይሰረዝም።"

ኮሊን ሮስን አሳልፋ ሰጥታ አንድ ሰው አድናለች፤ ይህ ቢያንስ የሚያስተኛ ነገር ነው።

"አልተታለልኩም" አለ ቫሲሊስ።

"ዝም በል አንተ!"

"አልልም። ዩሪያ እንዳለበት አውቅ ነበር። በብርድ ወራት የዓሣ ማዳበሪያ ዛፍ በሳምንት አያለመልምም፤ የኔው ለመለመ። አይቼ ደስ አለኝ፤ መርጨቴንም ቀጠልኩ።" ፊቱን ወደ ታምሲን አዞረ። "ጻፊው ልጄ። መቃብር ውስጥ ያለ ሰው ላይ ሁሉን ጭኜ ብርቱካን ስሸጥ አልኖርም።"

ታምሲን ያለውን ጻፈች፤ የሚጨምረው እንደሌለ ስታይ ዕቃዋን ሰብስባ ተሰናበተቻቸው። የመኪናዋ ድምፅ ራቀ።

"ዝም እንድትዪ ለምኜሽ ነበር" አለ ቫሲሊስ።

"ልታደግህ ብዬ ነው! ባሌን ከመቃብር አውጥቼ አራቆትኩት፤ ላንተ ብዬ። ለምንም አልሆነ!" ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ከዚያ አንድ ነገር ድንገት መጣባት፤ ባይመጣባት በተሻላት ነበር። "ከቅጠሉ ነው ያወቅኸው? ከቅጠሉ ብቻ?"

ቫሲሊስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባርኔጣውን አዞረ።

"ቫሲሊስ፣ እየጠየቅሁህ ነው። ነግሮሃል?"

"ነግሮኛል።"

"መቼ?"

"ገና ሲጀምር። ጀልባው ላይ። አልቅሷል ኮሊ፤ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።"

ኮሊን ዕድሜዋን ሙሉ አብራው ስትኖር ሮስ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። እናቱ ስትቀበር እንኳ እጇን አጥብቆ ያዘ እንጂ አላለቀሰም። የማያለቅስ ሰው አገባሁ ብላ ኖራለች፤ ለካ እንባውን የሚያሳየው ሌላ ሰው ነበረው።

"ለእኔስ ለምን አልነገረኝም?"

"'ለኮሊ ንገራት' ብዬው ነበር። ትፈርድብኛለች ብሎ አይደለም የፈራሽ። ታምኚው ነበርና ያን ማጣት አልቻለም። 'ከዚያ በኋላ ምን ይቀረኛል?' አለኝ።"

"እኔ ነበርኩ የምቀረው" አለች ኮሊን። "ዩሪያም ይሁን ምንም ይሁን፣ አብሬው እጨምርለት ነበር።"

ቫሲሊስ እጁን ሊዘረጋላት ሞከረ። ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

"ሂድልኝ እባክህ። ዛሬ ፊትህን ማየት አልችልም።"

ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። መኪናው ውስጥ ሲገባ ሰማችው፤ ሞተሩ ግን ሳይነሣ ቆየ። ሻይ ልታፈላ ተነሥታ ውኃውን ጣደች። ሲፈላ አጠፋችው፤ ሳትቀዳም ወደ መኝታ ቤት ሄዳ ሮስ ይተኛበት የነበረውን ቦታ ትታ በራሷ በኩል ጋደም አለች።