የጋሽ ፍሬን እግር

ሰውየው መኪና መንዳት ነው የሚያስተምረው። መቼም መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ያውቀዋል፤ በማስተማሪያ መኪና ከአስተማሪው እግር ሥር አንድ ተጨማሪ ፍሬን አለ። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው። እሱ ግን ክፉ ቀን እስኪመጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይደለም፤ ገና ተማሪው ማርሽ ሲነካ ይረግጠዋል። ተማሪዎቹ «ጋሽ ፍሬን» ቢሉት ስሙን እንደ ሹመት ተቀበለው።

ይኸው ጋሽ ፍሬን አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ አለችው። ትምህርት ቤት ከቀየረች ወዲህ አፏን ዘግታለች። ሲጠሯት «አቤት»፣ ሲጠይቋት «ደህና»፣ አለቀ። የእናትና የአባቷ አንጀት አረረ። ደግነቱ ትምህርት ቤቱ እንዲህ ላሉ ልጆች መካሪ ይመድባል፤ ረቡዕ ረቡዕ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከልጁ ጋር የሚጫወት፣ የሚያወራ ፈቃደኛ ሰው። ለእሷ የደረሰቻት መነጽር ቤት ያላት ሴትዮ ናት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ቤት ገብታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ዛሬ በዳማ አሸነፍኳት» አለች። እናቷ እንባዋ እንዳይታይባት ወደ ጓዳ ሮጠች።

አባትየውስ? ወላጆች መካሪዋን አግዙ ተብሎ የለ! አገዛታ! በሚቀጥለው ረቡዕ ከረባቱን አስሮ፣ ወንበር ስቦ ከሁለቱ መሀል ተሰየመ።

«እኔ የለሁም በሉ፤ ተጫወቱ» አለ።

ሴትዮዋ «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» ብላ ልጅቷን ስትጠይቅ፣ «ጥሩ ነው፣ ሂሳብ ላይ ግን ትንሽ…» ብሎ እሱ መለሰ። ልጅቷ ጠጠር ስታነሳ፣ «ቆይ! ግራውን አይተሻል?» አፏን ልትከፍት ስትል ደግሞ ያ ቀኝ እግሩ ሳያስበው ወለሉን ይረግጠዋል። ዷ! አንባቢው ሁሉ ዞሮ ያያል። በመጨረሻ ልጅቷ እጇን ሰብስባ ቁጭ አለች፤ ዳማውን የጨረሱት ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እሱ አሸነፈ። ሰውየው ደግሞ ደስ ብሎት ቁጭ!

ሲወጡ ሴትዮዋ በሩ ላይ ለብቻው ያዘችው። «ጋሼ፣ ይህ ነገር በልጅቷ ፈቃድ ነው የሚሄደው። እሷ ከተወችው እኔም አልመጣም።»

ማታ ልጅቷ «ከእንግዲህ አልሄድም» አለች።

«ለምን? ምን ሆነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

ክው አለ። ያቺ «ደህና» ተመልሳ መጣች።

ሚስቱ አልማረችውም። «አንተ ሰውዬ፣ የመኪናውን ፍሬንስ ሰው እንዳይሞት ብለህ ነው የምትረግጠው። ዳማ ማንን ገድሎ ያውቃል?»

ሲነጋ ልጁን ለመናት። «ሂጂልኝ። እኔ ከመኪናው አልወርድም፤ ምን አወራችሁ ብዬም አልጠይቅሽም።»

«ማል።»

«እናቴ ትሙት!»

ረቡዕ ደረሰ። ከአንዲት ዳቦ ጋጋሪ ተማሪው ጋር እየተለማመዱ መጥተው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ልጅቷ ለብቻዋ እየሳቀች ወጣች፣ ከኋላ ገባች፤ ዳቦ ጋጋሪዋም መኪናዋን አስነስታ ነዳች። ጋሽ ፍሬን ግን ታፍኖ ሊሞት ነው። ማን አሸነፈ? ምን አሳቃት? የእኔ ስም ተነሳ ይሆን? ጥያቄው ጉሮሮው ላይ ደረሰ፣ ዋጠው፣ እግሩ ግን አልቻለም። መኪናዋ ቀጥ አለች።

«ምነው ጋሼ!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ደረቷን ይዛ። «ምን አጠፋሁ? መንገዱ እኮ ባዶ ነው!»

«አንቺን አይደለም» አለች ልጅቷ ከኋላ ሆና። «ፍሬን የያዘው እኔን ነው።»

እሱ ሁለቱንም እግሮቹን ሰብስቦ ከወንበሩ ሥር ከተታቸው። ዳቦ ጋጋሪዋ እንደገና አስነሳች። ትንሽ እንደሄዱ ልጅቷ ወደ ፊት ጠጋ ብላ፣ ሴትዮዋን እንዴት አድርጋ እንዳሸነፈቻት ማውራት ጀመረች፤ ለዳቦ ጋጋሪዋ። እሱ አንገቱን ሳያዞር፣ እስከ ቤት ድረስ ሰማ።