ነጥብ የማይቆጠርበት ጨዋታ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ በማሌዥያ የቡኪት መርታጃም ከተማ ባድሜንተን አዳራሽ ሁኔታ ይህ ነበር፦ አራት ሜዳ፣ አንድ ትልቅ የነጥብ ስክሪን፣ ከባንኮኒው ሥር አንድ አሮጌ ኮምፒውተር። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በአሮጌ ከርነል ነው፤ ከርነል ማለት ዕቃውንና ፕሮግራሙን የሚያግባባው የሥርዓቱ እምብርት ነው። የነጥብ መቁጠሪያው ፕሮግራም በአዲሱ ከርነል ላይ አልሠራም ብሏል። አሮጌው ደግሞ ክፉ ዓመል አለው፤ ስክሪኑ አንዳንዴ ይጠቁርና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ካላስነሱት አይመለስም።

ቅዳሜ የታዳጊዎች ውድድር አለ። የሊጉ ተወካይ ካክ፣ ማለትም እትዬ፣ ሮሃያ ቁርጡን ተናግራለች፤ ስክሪኑ ካልተስተካከለ ውድድሩ ወደ ሌላ አዳራሽ ይሄዳል።

«ስንት ዓመት ያዘጋጀሁትን ውድድር አንድ ሳጥን ይንጠቀኝ?» አሉ የአዳራሹ ባለቤት አንክል ኬንግ ሁዋት።

ከርነል መጠገን የቲላጋ እንጀራዋ ነው፤ ከሥራ ስትወጣም የምትጫወተው እዚሁ ነው። ድራይቨር በሚባለው፣ ስክሪኑን በሚያዘው ትንሽ ፕሮግራም ላይ ላለው ስህተት መፍትሔ ከተገኘ ቆይቷል፤ ግን የተጻፈው ለአዲሱ ከርነል ነው። አርባ መስመር ሲሆን፣ ግማሹ አሮጌው በማያውቃቸው ነገሮች ላይ የተደገፈ ነው። ቲላጋ የአባትን ኮት ለልጅ እንደሚያጠብ ልብስ ሰፊ ለክታ፣ ቆርጣ፣ አራት መስመር አስቀረች። አሮጌውን ከርነል የሚንከባከቡት ባለሙያዎች ሥራዋን አይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ስህተቱ በሚታይበት የስክሪን ካርድ ላይ ሲሠራ ያየ ሰው ይመስክር። ካርዱ ያለው ደግሞ ከአንክል ባንኮኒ ሥር ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

የተጠገነውን ከርነል ጫነች፤ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳች። አንክልና ሦስት ጓደኞቻቸው ሜዳ ገቡ፤ ሮሃያ ባንኮኒው ላይ ሆና ነጥብ በገባ ቁጥር ቁልፍ ትጫናለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ስክሪኑ ፍክት እንዳለ ቆየ።

«በቃ፣ ዳነ! የናሲ ሌማኩ፣ የኮኮናት ሩዙ፣ ሂሳብ በእኔ ነው!» አሉ አንክል።

«ቆይ አንክል፣ አንዴ ልየው።»

ቲላጋ ኮምፒውተሩን በየትኛው ከርነል እንደሚሠራ ጠየቀችው። ባልተጠገነው ነው። ሲነሳ ከተደረደሩት ከርነሎች ውስጥ የላይኛውን መርጧል፤ ላይ የነበረው ደግሞ እሱ ነው።

«እና ይህን ሁሉ ሰዓት ያየነው በሽተኛውን ነው?» አለች ሮሃያ።

«በሽተኛውን። ያውም ሳይታመም።»

«እንዲህማ እኔም እጠግናለሁ» አሉ አንክል እየሳቁ። «ሳልነካው!»

ቲላጋ ፊቷ ቀላ፤ ጥያቄው ግን ከእፍረቷ በለጠባት። ዛሬ ለምን አልጠቆረም?

«ካክ፣ ባለፈው የጠቆረው መቼ ነው?»

«ምሳ ልንበላ ወጥተን ስንመለስ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ሽልማት ሲሰጥ፣ ንግግሩ ሲረዝም። ከሙቀቱ ነው እንል ነበር።»

«ሙቀት አይደለም። ዕረፍት ነው። ነጥብ ሳይቆጠር አሥር ደቂቃ ካለፈ ፕሮግራሙ ስክሪኑን ያስተኛዋል። የሚሞተው ሲቀሰቀስ ነው። ዛሬ እናንተ መቼ አስተኛችሁት?»

ስለዚህ በሽታው መጀመሪያ መታየት ነበረበት። ቲላጋ አወጀች፦ ጨዋታው ይቀጥል፤ ነጥብ ግን አይቆጠር።

አንክል በሦስተኛው ደቂቃ ከሜዳው ጥግ ዘለው አንድ ኳስ አወረዱ፤ ተቀባዩ ራኬቱን እንኳ አላነሳም።

«ቁጠሪ!»

«አልቆጥርም» አለች ሮሃያ፣ እጇን አጣጥፋ።

«እንዲህ ያለ ኳስ በዓመት አንዴ ነው የምመታው!»

«አውቃለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ እኮ እዚሁ ነኝ።»

ሲሸነፉ የቆዩት ወዳጃቸው «ይህ ደንብ ለዘላለም ይኑር!» ብለው ጮኹ። አንክል ተናደው ጭራሽ ባሰባቸው፤ ተከታታይ አምስት ነጥብ አገቡ፣ አንዱም አልተመዘገበም። ስክሪኑ ተኛ። ሮሃያ ቁልፉን ስትጫን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ስክሪን ስለሞተ እንዲህ የተደሰተ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። ቲላጋ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳችና አሁን የተጠገነውን ከርነል በእጇ መረጠች፤ ማንም ራኬት ሳያነሳ ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበች። አንክል ብልህ ሆነው እንደ ኤሊ ተጫወቱ። «በነፃ ለማን ልልፋ?»

ስክሪኑ ተኛ። ሁሉም ወደ ባንኮኒው ተሰበሰበ።

«ተጫኚ፣ ካክ።»

ሮሃያ ተጫነች። ነጥቦቹ ከነስማቸው ቦግ አሉ።

ምስክሩ ማን ይሁን በሚለው ላይ ሁለቱ ተጣሉ። አንክል ኮምፒውተሩ የእኔ ነው አሉ፤ ሮሃያ ጣቱ የእኔ ነው አለች። ቲላጋ ለከርነሉ ባለሙያዎች ከአራቱ መስመሮች ጋር የሁለቱንም ስም ላከች።

ውድድሩ ቅዳሜ እዚያው አዳራሽ ተካሄደ። ከመክፈቻው እስከ ሽልማቱ ድረስ ስክሪኑ አሥራ አንድ ጊዜ ተኛ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ነቃ።