ጠበል የጠጣ ራዲዮ

ፈቃደ የራዲዮውን ጀርባ ፈትቶ የድምፅ ማጉያውን ወረቀት በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ገፋው። ያለ ድምፅ ገብቶ መውጣት ሲገባው ከውስጥ ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ተንኮሻኮሸ።

"ሰማኸው?" አለ ከበላዩ የቆመው አቶ ኃይለመለኮት። "ታንቋል። ሆን ተብሎ ነው የታነቀው።"

"ራዲዮ አይታነቅም።"

"እሷ ናት እልሃለሁ! ውሃ ደፍታበታለች።"

እሷ የተባለችው የቤቱ ሠራተኛ እንዳለች ናት። በሩ ሥር ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ወንድሟ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቷል። አቶ ኃይለመለኮት ይህን ይዞ በጠዋት ወደ ጣልያኑ ካፒቴን ሮጦ አሳብቆባታል፤ ካፒቴኑም ከምሳ በኋላ መጥቼ አያለሁ ብሎታል። ደፍታለች ከተባለ ካሚዮን ላይ ተጭና ወደ ሶማሌ በረሃ እስር ቤት ነው። ከልደታ ሰፈር ወደዚያ ተጭኖ የተመለሰ ሰው እስካሁን አልታየም።

ይህ ሰውዬ እኮ ጣልያን ከመግባቱ በፊት ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ምስኪን ነበር። ጣልያን በገባ በወሩ አስተርጓሚ ሆነ። ዓመት ሳይሞላው ቦት ጫማ አጠለቀ፣ ባርኔጣውን እንደነሱ ማዘንበል ለመደ። ይባስ ብሎ ራዲዮ ተሸለመ። ተሸልሞ ምን ሠራበት? መስኮቱን በርግዶ የሮማን ወሬ እስከ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ድረስ ያስጮኸው ጀመር። ሊያስቀድስ የመጣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ነበር የሚሳለመው። ወይ ጉድ! ለዚህ ነው እንግዲህ አገር የተሸጠው።

ፈቃደም ቢሆን የሚወደድ ሰው አልነበረም። አራዳ አንድ አርመን ግራሞፎን ቤት ሙያ ተምሮ ከወጣ ወዲህ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ፊቱን የሚያኮሳትር ኩሩ ነው። ባንዳ ግን ሲያይ ያቅለሸልሸዋል። ዛሬም የመጣው አልመጣም ማለት ስለማይቻል ነው።

ከመሣሪያ ሳጥኑ የባትሪ ድንጋይና ሁለት ቀጭን ሽቦ አውጥቶ የድምፅ ማጉያውን ጫፎች ነካ አደረጋቸው። ጧ! አለ። የውስጡ ጥቅል ሽቦ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ዝም ይል ነበር። አልተቃጠለም፤ ሲንቀሳቀስ የሚፈትገው ነገር አለ ማለት ነው። ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ወረቀቱ ረጥቦ ደርቋል፣ ጠርዙ ተኮማትሯል። መሐል ላይ ደግሞ ግራጫ ዱቄት ተጋግሯል። በጣቱ ዝቆ አሸተተውና ቀና አለ።

"አቶ ኃይለመለኮት፣ ይሄ እምነት አይደለም እንዴ? ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው አመድ?"

ሰውዬው ወደ እንዳለች ገልመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ድምፁ ጎርነን አለብኝ። ይሄ ምቀኛ ሰፈር በዓይኑ በላው! ምን ላድርግ? ጠበል ረጨሁበት፤ እምነቱንም አፉ ላይ ቀባሁት።"

"የራዲዮውን አፍ?"

"ድምፅ የሚያወጣበትን ነዋ!"

"የጎረነነው እስከ ጥግ ከፍተው ስላስጮኹት ነው። የጨረሰው ደግሞ ጠበልዎ ነው።"

"ቀስ በል እንጂ፣ ትሰማለች! ካፒቴኑ ሥልጡን ሰው ነህ ብሎ እኮ ነው የሸለመኝ። ይህን ቢሰማ መሳቂያ መሆኔ ነው። አንተ ውሃ ደፍታበት ነው በል፣ በቃ። በየአደባባዩ የተሰቀለውን ድምፅ ማጉያ ሁሉ አንተ እንድትይዘው አደርጋለሁ።"

"ልጅቱስ?"

"ልጅቱ ምን? ገረድ እኮ ናት!"

ፈቃደ አፉ ድረስ የመጣውን ስድብ ዋጠው። ጣልያንኛ ስብርብር አድርጎም ቢሆን ይናገራል፤ ይህን ቅሌት ካፒቴኑ ፊት ዝርግፍ ቢያደርገው እንዴት አንጀቱ ይርስ ነበር! ሥልጡኑ ሰውዬ ራዲዮውን አጠመቀው ቢል! ግን ከዚያስ? ካፒቴኑ ሆዱን ይዞ ስቆ ይሄዳል። ይህ ውርደታም ደግሞ ንዴቱን የሚወጣው በማን ላይ ነው? ውርደቱን ቆማ ባየችው ልጅ ላይ። ልጅቱን ለማትረፍ ይህን ጥንብም አብሮ ማትረፍ ሊኖርበት ነው። ፈቃደን ከሁሉ በላይ ያቃጠለው ይኼ ነበር። እየተራገመ ዱቄቱን በብሩሽ ጠርጎ አወጣውና እፍ አለው።

ካፒቴኑ ሲገባ አቶ ኃይለመለኮት እጥፍ ዘርጋ ብሎ ተቀበለው፤ በጣቱ ወደ እንዳለች እያመለከተም በጣልያንኛ ይለፈልፍ ጀመር። ፈቃደ መሐል ገባ።

"እርጥበት ነው፣ ሲኞር ካፒታኖ። መርከብ ላይ የገባበት ነው። ከባሕር ጀምሮ ታሞ ነው የመጣ። ሰው አልነካውም።"

ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ የተኮማተረውን ወረቀት አየ። ዕቃ ጫኞቹን ሰደበ። "ይጠገናል?" ሲል ጠየቀ።

ቀጭን ወረቀትና ሙጫ ቢኖር እዚያው የሚያልቅ ሥራ ነው። ፈቃደ ግን ራሱን ነቀነቀ።

"አይጠገንም። ከአገራችሁ ሌላ ይምጣለት።"

ካፒቴኑ ትከሻውን ሰብቆ ወጣ። መኪናው ሲርቅ አቶ ኃይለመለኮት ደረቱን ነፋ።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር እኮ፣ እርጥበት ሳይሆን አይቀርም ብዬ!" አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። ቀጥሎ ወደ ፈቃደ ጆሮ ጠጋ አለ። "ይቺን ግን አልተዋትም። የጠበሉን ነገር ሰምታለች። የወንድሟ ጉዳይ እንደሆነ አለ፤ ነገ አንድ ምክንያት አላጣላትም።"

ፈቃደ መሣሪያዎቹን ሰብስቦ ሳጥኑን ዘጋ። ሊያነሳው ጎንበስ አለና ወገቡን ያዘ።

"ወገቤ ዛሬ እምቢ ብሎኛል። ልጅቱ ጠመንጃ ያዥ ቤቴ ድረስ ተሸክማ ታድርስልኝ።"

"ትሂድ፣ ትሂድ። ቶሎ ተመለሽ አንቺ!"

እንዳለች ሳጥኑን ተሸክማ ከኋላው ወጣች። ቤቱ ከዓይን ሲሰወር ፈቃደ የጠመንጃ ያዥን መንገድ ትቶ ወደ ሰንጋ ተራ አጠፈ።

"ጋሼ፣ በዚህ አይደለም እኮ!"

"ዝም ብለሽ ነይ። አገርሽ የት ነው?"

"ከሆለታ ማዶ።"

ሰንጋ ተራ ገበያው እየተፈታ ነበር። ፈቃደ በሆለታ መንገድ የሚመላለስ ኩማ የሚባል የከብት ነጋዴ ያውቃል። ኩማን ሰንጋዎቹን ሸጦ በቅሎውን ሲጭን አገኘው። ጥቂት ተነጋገሩ። ኩማ ልጅቱን አየት አድርጎ "ትምጣ" አለ፣ ሌላ አልጠየቀም።

እንዳለች ሊያስመልጣት መሆኑ ገና አሁን ገባትና እንባዋ መጣ።

"እርስዎስ ጋሼ? ነገ ሲጠይቅዎ ምን ይሉታል?"

"ሳጥኔን ይዛ ጠፋች እለዋለሁ።"

"እንግዲያው ይኸው" አለች፣ ሳጥኑን ዘርግታ።

ፈቃደ ሊቀበላት የዘረጋው እጁ መሐል ላይ ቀረ። ሳጥኑ እቤቱ ከታየ ማን ያምነዋል? ያ ውሻ ቤቱን ሳያስፈትሽ አያድርም። ሳጥኑ ከሌለ ደግሞ ነገ በምን ሠርቶ ሊበላ ነው? ክዳኑን ከፈተው። ካቻቢቴዎቹን፣ መበየጃውን፣ ፒንሳውን አየ። አርመኑ ሲሰናበተው የሰጠው መሣሪያ ነው።

"ቱ! የውሻ ልጅ!" አለ፣ ወደ ልደታ ዞሮ። አንድም ሳያነሳ ክዳኑን መልሶ ገጠመው። "ፒንሳውን ለወንድምሽ ስጪው።"

"ምን ያደርግለታል?"

"የጣልያንን የስልክ ሽቦ ይቆርጥበታል" አለና ሳጥኑን ራሱ አንስቶ በኩማ በቅሎ ላይ ጫነው።