የክንዱ እናት ማን ትሁን

አያ ቢያዝን ልጁን ከጀርባው አውርዶ ደረጃው ላይ ካስቀመጠው በኋላ መልሶ አነሳው።

"እናቱ ማን እንደሆነች ሳይነገረኝማ ትቼው አልሄድም" አለ።

ሲስተር ኢንግሪድ ግራ ገባት። ከባሏ ከሚስተር ኤሪክና ከሰባት ዓመት ልጃቸው ከካሪን ጋር ከስዊድን መጥታ ይህን የጎንደር የሚሲዮን የሕፃናት ማሳደጊያ ከተረከበች ገና ዓመት አልሞላትም። አማርኛውን ትሰማለች፤ ጥያቄው ግን አልገባትም።

"እናቱ ሞታለች አላሉኝም?"

"እህቴማ ሞታለች። እኔ የምለው እዚህ ያለችውን እናቱን ነው።"

ሰውየው ከመካነ ብርሃን ድረስ በእግሩ ነው የመጣው። ሚስቱ ከታመመች ሰንብታለች፣ ላሞቹንም በሽታ ጨርሶበታል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ክንዱ የአጎቱን የጋቢ ጫፍ በአፉ ይዟል። ዛሬ እዚህ ካልቀረ ያንን የስሜንን ብርድ እንደገና ተሻግሮ ወተት ወደሌለበት ቤት መመለሱ ነው።

"ሁላችንም እናሳድገዋለን" አለች ኢንግሪድ።

"ሁላችሁም ካላችሁኝ ነገ መጥቼ ማንን ልጠይቅ?"

የቤቱ አሮጊት ሞግዚት ወይዘሮ ሐረገወይን ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። "ሲስተር፣ የጡት ልጅነቱን ነው የሚጠይቅዎ። ያንን እርስዎ የከለከሉትን።"

ኢንግሪድ ፊቷ ቀላ። በመጣች ሰሞን አሮጊቷ ማር የነካ አውራ ጣታቸውን አዲስ በመጣች ሕፃን አፍ ውስጥ ሲያደርጉ አይታ ነበር። ነርስ ናትና "ይህ ነገር ሁለተኛ እንዳይደገም" ብላ ከልክላለች።

"እማማ ሐረገወይን፣ ግን ጣት ለምንድን ነው የሚያጠቧቸው?" አለች እናቷ አጠገብ የቆመችው ካሪን።

"ነይ የኔ ሸጋ፣ ልንገርሽ።" አሮጊቷ ልጅቷን አጠገባቸው አስቀመጧት። "ይህ የጣልያን ሹም ቤት ነበር። ጣልያን ተሸንፎ ሲወጣ ሰው ሁሉ ቆርቆሮውን ይነቅላል፤ እኔም በሩን ለማገዶ ልወስድ መጣሁ። ገባ ብዬ ባይ አንዲት ሕፃን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ተኝታለች። ይችው ታየች ናት።"

ግቢው ውስጥ ልብስ የምታጥበው ታየች ቀና አለች። "በሩን ትታ እኔን ተሸክማ ገባች። ያን ዓመት ማገዶ አልነበረንም፣ ልቅሶ ግን ሞልቶናል።"

"ዝም በይ አንቺ! ወሬው ሲሰማ አንዱ መጥቶ ገረድ ትሁነኝ አለ። ሌላውም መጣ። ልጄ ናት ብል ማን ይሰማኛል? ሽማግሌዎች ጠርቼ በእነሱ ፊት አውራ ጣቴን ማር ቀብቼ አጠባኋት። በምስክር ፊት ያጠባ ወላጅ ነውና፣ ከዚያ ወዲያ ዝር ያለ የለም። ሰዉም ሰምቶ ልጅ እያመጣ ይሰጠኝ ጀመር፤ አንዱንም ሳላጠባ አልተቀበልኩ። ሚሲዮኑ የመጣ ኋላ ነው። እግዜር ይስጠው፣ ጣራውን ሠራልን።"

ሚስተር ኤሪክ መዶሻውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። "ይህን ማንም አልነገረንም" አለ ቀስ ብሎ።

"እኔ ደግሞ የምታውቁት መስሎኝ።"

አያ ቢያዝን ሕፃኑን ወደ አሮጊቷ ዘረጋ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "አርጅቻለሁ ወንድሜ። ሳያድግ ጥዬው ብሄድስ?"

ሰውየው ወደ ኢንግሪድ ዞረ። "እሜቴ፣ እርስዎስ?"

እጇ ሳታዝዘው ወደ ልጁ ተዘረጋ። ጉንጩ በብርዱ ተሰነጣጥቋል። ባሏን አየችው፤ ሁለት ዓመት ቆይተው አገራቸው እንደሚመለሱ ሁለቱም ያውቃሉ። እጇን ሰበሰበች።

"እኔ እንግዳ ነኝ አያ ቢያዝን። እሄዳለሁ።"

ታየች እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች መጣች።

"እኔ የትም አልሄድ" አለች። ይህን ስትል የምታየው ልጁን ሳይሆን ኢንግሪድን ነበር።

ኢንግሪድ ሳሙናና የሞቀ ውሃ አመጣችላት። ታየች ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠበች። ወይዘሮ ሐረገወይን ማሩን ሊያመጡ ገቡ።

"ምስክር ሦስት ነው" አለ አያ ቢያዝን። "እኔ ሰጪ ነኝ፣ አልቆጠር። በሩን የከፈቱልኝ ጠባቂው አያ ዳኛው ይኸው እዚህ ተቀምጠዋል፣ አሮጊቷ አሉ። ሦስተኛ ማን ይሁን?"

ኢንግሪድ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከአያ ዳኛው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።