አየር የሳበ ሞተር

ወንድሞቼን ናፍጣና ቤንዚን ብዬ የሰየምኳቸው እኔ ነኝ። ታላቄ የጭነት መኪና ነጂ ነው፣ ናፍጣ። ታናሼ ታክሲ ይነዳል፣ ቤንዚን። ከተገናኙ ክርክር ነው። «ያንተ ሞተር ዳገት ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል» ይላል አንዱ። «ያንተ ደግሞ ብርድ ከነካው ካልለመኑት አይነሳም» ይላል ሌላው። አባባ «ነዳጅ ሲያልቅ ሁለቱም ያው ናቸው» ብለው ይገላግሏቸዋል። ያው እንዳልሆኑ ያወቅነው የአክስቴ ቀዶ ጥገና ዕለት ነው።

አባባ የቀረቻቸው አንድ እህት ናት። ልጇ ደውሎ «ነገ ለልብ ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው። ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ አልሰጡንም። ሳልገባ ወንድሜን አሳዩኝ ትላለች» አለን። ናፍጣ ጭነት ይዞ ሩቅ አገር ነበር። በናፍጣ የሚሠራው ፒክአፑ ግን ቤት ስለቆመ፣ በማግስቱ ማለዳ ቤንዚን ይዞን ወጣ።

ቤንዚን የመኪናውን ታንከር ሞልቶ አያውቅም። ታክሲው ነዳጅ ጨርሶ ደርቆ ቢቆም ከጄሪካን ይጨምራል፣ ቁልፍ ያዞራል፣ ይሄዳል። ማደያ ስናልፍ ጠቋሚው ወርዶ አይቼ ብነግረው «ናፍጣ በጄሪካን ይዘናል፣ አንቺ ደግሞ» አለኝ። ብዙም ሳንርቅ መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። ጄሪካኑን ገለበጠበት፣ ቁልፉን አዞረ። እምቢ አለ። ደግሞ አዞረ፣ እምቢ።

ናፍጣ ጋ ደወልን።

«አደረቅኸው?» አለ። «በቃ አየር ስቧል። ይሄ እንደ ታክሲህ አይደለም፣ አየሩ ካልወጣ አይነሳም። የነዳጅ ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ላይ ያለችውን ብሎን አላላና አረፋው እስኪጠፋ ፓምፑን በእጅ ግፋ። ባትሪውንም እንዳትጨርሰው።»

መፍቻ የለንም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ብሎኗን በሳንቲም ሊፈታ ታገለ። ደሜ ፈልቶ ነበር፣ ግን ብሰድበው ሞተሩ አይነሳልኝ። አባባ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ። ስንቱን ለምነን በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ነጂ መፍቻ ሰጠን። ቤንዚን ገፋ፣ ገፋ፣ ባትሪው ሊሞት ሲል ሞተሩ ተነሳ።

ወዲያው የአክስቴ ልጅ ደወለ። «ሊያስገቧት ነው፣ ለአጎቴ ስጪልኝ፣ ታናግረው።»

አባባ ጆሯቸው ደከም ካለ ቆይቷል፣ የፒክአፑ ሞተር ደግሞ ይንደቀደቃል። «ምን አልሽ እህት ዓለም? አልሰማሽም» አሉ። ከመኪናው ላርቃቸው በሩን ብከፍት ጩኸቱ ባሰ። እሳቸውም ያለ ድጋፍ አይወርዱም። በእጃቸው «አጥፋው» ብለው ምልክት ሰጡ።

ቤንዚን ቁልፉን ይዞ እኔን አየኝ። «ካጠፋሁት ባይነሳስ?»

አጥፋውም አታጥፋውም ማለት አቃተኝ። እሱም ቁልፉን እንደያዘ ቀረ።

አባባ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «እሺ እህት ዓለም፣ እሺ» ማለት ጀመሩ። መስመሩ ከተቋረጠ በኋላም «እሺ» ይሉ ነበር።

ጉዞ ስንጀምር ስልኬን መለሱልኝና «ምን አለችኝ?» ብለው ጠየቁኝ።